የጎረቤቴን ዓይን ላሳመሩት ዶክተር፣ ስለ እኔ ደም ግፊት

ለተከበሩ ዶክተር ቃልአብ
ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የዓይን ቆብ እየቀደዱ ለሚያሳምሩት

ክቡር ዶክተር፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እጅዎ እንዳይዝል፣ መብራት በሥራ ሰዓት እንዳይጠፋብዎ፣ እንደ እኔ ያለች ታካሚም እንዳትበዛብዎ እየተመኘሁ፣ ከአያት ኮንዶሚኒየም ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስሜ ፀሐይነሽ ነው። ካላስታወሱኝ፣ ጎረቤቴን ይዤ የመጣሁት፣ ወረፋ ክፍል ውስጥ ወሬ አበዛሽ የተባልኩት ነኝ። ጎረቤቴ መሠራቷን ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። መሐላዬን ስለማከብር ሙሉ ስሟን ትቼ የሺ እያልኩ ብቻ አልፋለሁ።

አስቀድሜ ምስጋና። የሺ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ዛሬ ከአያት ወደ መገናኛ ሚኒባስ ስንይዝ ረዳቱ እሷን «ቆንጆ፣ እዚህ ጋ ቦታ አለ» ይላታል፤ ወደ እኔ ዞሮ «ማዘር፣ ጠጋ በይላት» ይለኛል። ለዚህ ውለታዎ ቃል አጥቼልዎታለሁ። ጭራሽ እንዳላጣሁ እንዲያውቁልኝ ግን ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቅርቤያለሁ።

አንደኛ፤ ግድግዳዎ ላይ «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉ ፎቶዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሰቅለዋል። በመካከል ስላለው ሳምንት ግን ግድግዳው ዝም ብሏል። እርግጥ ማብራሪያ ወረቀት ሰጥተውናል፣ በእንግሊዝኛ። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ ፈልጌ ፈልጌ «ትንሽ እብጠት» የሚል አገኘሁ። ያ ትንሽ እብጠት በማግስቱ የሺን እንደ ተነከረ ባቄላ አደረጋት፤ ከዓይኗ ሥር በልዞ ጠቆረ፤ ብርሃን ባየች ቁጥር እንባዋ ይወርድ ጀመር። በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ የያዝኩላት፣ ጠብታ ያደረግሁላት፣ ትራስ ደራርቤ ያስተኛኋት እኔ ነኝ። «ፀሐይዬ፣ ዓይኔን በገዛ እጄ አጠፋሁት እንዴ?» እያለች ስትጨነቅ «ኧረ ተይ፣ ይጎድላል» ያልኳትም እኔ ነኝ፤ እውነት ለመናገር አላውቅም ነበር። በሳምንቱ ስፌቱ ወጣ፣ እብጠቱም ቀስ በቀስ ጎደለ። ይህንኑ አስቀድመው በአማርኛ ቢነግሩን ኖሮ ያን ያህል ስለት ባልተሳልን።

ሁለተኛ፤ ስፌቱ ሳይወጣ ጎረቤታችን አቶ ላጲሶ አረፉ፤ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። የሺና እሳቸው በደረጃ ጽዳት ተራ ተኳርፈው ከተነጋገሩ ዓመት አልፏቸው ነበር። ታዲያ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ድንኳን ገባች፤ ለወግ ብላ ስታወልቀው ያ ዓይን ታየ። ያበጠ፣ የበለዘ፣ እንባው የማያቋርጥ። የሟች ባለቤት ራሳቸው ተነሥተው «በቃሽ የኔ ልጅ፣ ራስሽን ጎዳሽ» እያሉ ያጽናኗት ጀመር። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ከልቤ አለቅስ ነበር፤ አቶ ላጲሶ ለእኔ እንደ ወንድም ነበሩ። ነገር ግን የእኔ የዓይን ቆብ እንደ ሱቅ መጋረጃ ወርዶ ስለተንጠለጠለ፣ እንባዬን ያየልኝ የለም።

ሦስተኛ፤ አዲስ የተሠራ ቆብ ለጥቂት ቀን ሙሉ በሙሉ ላይገጥም እንደሚችል አልነገሩንም። በእድር ስብሰባ ላይ የሺ እንቅልፍ ጣላት፤ ዓይኗ ግን ገርበብ እንዳለ ቀረ። የእድሩ ዳኛ አይተዋት «ማዳመጥ ማለት እንደ እሷ ነው» ብለው አመሰገኗት። ቃል በቃል እየተከታተልኩ የነበርኩትን እኔን ደግሞ «ፀሐይነሽ፣ ተኛሽ እንዴ?» አሉኝ።

ይህ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገርዎ። የእድራችንን የሴቶች ክፍል እስከ ዛሬ የመራሁት እኔ ነኝ። ድንኳን ሲተከል ቀድሜ የምደርስ፣ ብረት ድስቱን ቆጥሬ የማስረክብ፣ ሐዘንተኛ ቤት የማድር እኔ። በመጪው እሁድ ምርጫ አለ፤ ሴቶቹም ከወዲሁ «እንደ የሺ አዛኝ፣ እንደ የሺ ንቁ ከየት ይገኛል» እያሉ ነው። ቅናት ነው ካሉኝ፣ አዎ ቅናት ነው፤ ለዚህ እንኳ ምርመራ አያስፈልግም።

አራተኛውና ዋናው፤ እኔንም ይሥሩኝ ብዬ ስመጣ ግፊቴን አስለክተው «ይህ ሳይወርድ አልነካዎትም፣ ደም ይፈስብዎታል» አሉኝ። ተገቢ ጥንቃቄ ነው፣ አከብረዋለሁ። ጨው ተውኩ፤ ክኒኔን በሰዓቱ ዋጥኩ፤ ጠዋት ጠዋት በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ገና ከደረጃው ሳልወርድ የሺ በእነዚያ ዓይኖቿ እያየችኝ «ፀሐይዬ፣ እንዴት አደርሽ» ትለኛለች፤ ግፊቴ ወደ ቦታው ይመለሳል። በሽታውን የሠሩት እርስዎ፣ መድኃኒቱን የከለከሉኝም እርስዎ። ስለዚህ ከታላቅ አክብሮት ጋር የምለምነው፣ ወይ እኔን ይሥሩኝ፣ ወይ የእሷን ወደ ነበረበት ይመልሱልኝ።

ረጅም ዕድሜ፣ የማይንቀጠቀጥ እጅና በአማርኛ የተጻፈ ማብራሪያ ወረቀት እየተመኘሁልዎ፣ ከተንጠለጠለ ቆብ ሥር አንጋጥጬ የማይዎት፣

ፀሐይነሽ ገረመው
አያት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው ሳይላክ እሁድ ደረሰና፣ ከምርጫው በፊት አድራሻዎን ብቻ ዘልዬ ለእድሩ ሴቶች አነበብኩላቸው። የድንኳኑ ታሪክ ጋ ስደርስ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሺ ብድግ ብላ «አዎ ተሠርቻለሁ፣ ኑና እዩት። ለጋሽ ላጲሶ ያለቀስኩት ግን ግማሹ የስፌቱ ነው፣ ግማሹ የራሴ» አለች። በጭብጨባ መረጧት። እኔንም ምክትሌ ትሁን ብላ የጠቆመችኝ ራሷ ናት፤ እምቢ እንዳልል በዚያ ዓይኗ እያየችኝ። ወዲያው ሴቶቹ ሁሉ ሐኪሙ የት ነው ብለው ከበቡኝ። ወረፋዬን እንዳይቀድሙኝ ቦሌ ቡልቡላ ነው ብያቸዋለሁ፤ ደብዳቤውን ለጋዜጣም ስለላክሁት፣ እውነቱን እዚያ ላይ እስኪያነቡ ድረስ ግፊቴ ቢወርድ ይወርዳል።