ቅቤ የጠጣው ጠረጴዛ

ሰኞ፣ ነሐሴ 10

የዛሬ ሳምንት እመጣለሁ አለች፤ ጠረጴዛዋን ልትወስድ። ሲስተር ሀያት ናት፣ እዚህ ብቸና ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቴ የነበረችው ነርስ። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ሞጣ ስትዛወር የተከራየችው ክፍል ጠባብ ስለነበር የዋንዛ የምግብ ጠረጴዛዋን እኔ ቤት ትታው ሄደች። «ብሉበት፤ ግን አደራ» ነበር ያለችኝ። አሁን ሰፊ ቤት አግኝታለች። ደስ ብሎኛል አልኳት። ስልኩን እንደዘጋሁ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ።

የሸፈንኩበትን ላስቲክ ገለጥኩት። ከፋሲካ ወዲህ ከሥሩ አላየሁም።

ያለው ይህ ነው፦ አንድ ነጭ ክብ፣ የድስት። ሦስት የሹካ ውጋት። የደረቀ ኮላ። ጥጉ ላይ ስብራት (ናኦድ፣ በብስክሌት፣ ቤት ውስጥ)። ከ«ሀ» እስከ «መ» ያለው ፊደል ከነዘር ማንዘሩ፣ እንጨቱ ውስጥ ሰምጦ። ትንሹ ልጄ ናኦድ አምስት ዓመቱ ነው። እስክሪብቶ የሚይዘው እንደ ምስማር ነው።

ክቡ ግን የእኔ ነው። ድስቱን ከነትኩሱ ላስቲኩ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ላስቲኩ ይጠብቀዋል ብዬ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 11

አናጺው ጋሽ ሙላት መጡ። በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት። ጎንበስ ብለው ሥሩንም አዩ። ጥሩ ዋንዛ ነው፣ አሁን እንዲህ ያለ አይገኝም አሉ። ይህ አላጽናናኝም። የሰመጠውን እርጥብ ጨርቅ ደርቤበት በካውያ ብተኩሰው እንፋሎቱ ያነሣዋል አሉ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ሐሙስ ቫርኒሽ ይዘው ይመጣሉ።

ሲወጡ «እንጨቱ ደርቋል፣ ቲቸር። ቅባት ጠምቶታል» አሉ።

ትልቋ ልጄ ማኅሌት በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ስምንት ዓመቷ ነው። ፍልሰታን ስትጾም ዘንድሮ የመጀመሪያዋ ነው፤ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ እንኳ አትቀምስም። መጠማት ምን እንደሆነ አሁን ታውቃለች።

አባታቸው ከደብረ ወርቅ ደወለ፤ ሥራው እዚያ ነው። ነገርኩት። «ጠረጴዛ እኮ ነው» አለ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 12

ጠዋት በካውያ ሞከርኩ። «ሀ» ተነሣ። «ሁ» ግማሹ። የቀረው እንዳለ ነው። ክቡ ትንሽ ደበዘዘ። ይህችው አበረታችኝና ክንዴ እስኪዝል ፊቱን በሙሉ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ከዚያ ትምህርት ቤት ስብሰባ ነበረብኝ፤ ሄድኩ።

ስመለስ ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። በጾም። ማኅሌት ለፀጉሯ ያስቀመጥኩላትን ለጋ ቅቤ በሁለት እጇ ጠረጴዛው ላይ ጨርሳዋለች፣ እስከ እግሮቹ ድረስ። እንጨቱ ያበራል። እሷም ታበራለች።

«ጠጣው እኮ፣ እማ። ሁሉንም ጠጣው።»

ጮኽኩባት። ምን እንዳልኩ አልጽፈውም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 13

ጋሽ ሙላት የቫርኒሹን ቆርቆሮ እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው አሸተቱ። «ይሄስ ቫርኒሽ ሳይሆን እንጀራ ነው የሚፈልገው» አሉ። አልሳቅሁም። ቅባት ላይ ቫርኒሽ አይዝም፤ ይላጣል። ሰጋቱራ እየነሰነሱ፣ እያሹ፣ ፀሐይ እያሳዩ ቅቤውን ቀን በቀን ማውጣት ነው። «ፀሐዩን ደግሞ በነሐሴ ከየት ላምጣልሽ?»

ለሀያት ደወልኩላት። መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪና ይያዛል፣ መስከረም ይሻላል አልኳት። እንዳልሽ አለች። አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ማኅሌት ከትናንት ጀምሮ ጠረጴዛው አጠገብ አትደርስም። ወለሉ ላይ፣ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ትበላለች።

ዓርብ፣ ነሐሴ 14

ማኅሌት እሑድ አልቆርብም አለች። ቅቤ ነክቻለሁ፣ ጾሜን ሽሬያለሁ ነው የምትለው። ጣትሽን ልሰሽ ነበር? አልኳት። አልላሰችም። መንካት አይሽርም፣ ምንም አላጠፋሽም አልኳት።

«ታዲያ ለምን ጮኽሽብኝ?»

ስልኩን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ያካፋ ነበር። ለሀያት ሁሉንም ነገርኳት፤ ክቡን፣ ፊደሉን፣ ቅቤውን፣ ጭቃ ያልኩትንም።  «ለጋ ነው ወይስ የተነጠረ?» አለችኝ።

ለጋ ነው አልኳት።

«ሰኞ እመጣለሁ» ብላ ዘጋችው። እየሳቀች ይሁን ተቆጥታ መለየት አልቻልኩም።

ገብቼ ማኅሌትን ይቅር በይኝ አልኳት። አሰበችበት። እሺ አለች።

እሑድ፣ ነሐሴ 16

ቆረበች። አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ቀስ እያለች ወደ ቤት ስትሄድ ከኋላዋ ተከተልኳት። እዚያ መንገድ ላይ ጠረጴዛው ትዝ አላለኝም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 17

ሀያት በአይሱዙ መጣች። ተቃቀፍን። ወዲያው ወደ ጠረጴዛው ሄደች። መዳፏን ከዳር እስከ ዳር አስኬደችው፤ ስብራቱ ላይ ቆመች።

«ይሄን ያህል አልጠበቅሁም ነበር» አለች።

 ማኅሌት ናት የመለሰችው። «ቅቤው እኔ ነኝ። ፊደሉ ናኦድ ነው። ክቡ እማ ናት።»

 ሀያት ወደ እኔ ዞረች። እስከ እሑድ የዓመት ፈቃድ ላይ ናት። ሞጣ የምታውቀው አናጺ አለ፤ ቫርኒሹን እሱ ይቀባዋል፤ ሰጋቱራውን ግን ብቻዋን አትጨርሰውም። ልጅቷን እስከ ቅዳሜ ስጪኝ አለች። «የቀባችውን ታውጣ። ምግቧ ሽሮና እንቁላል ነው፤ ሥጋ አላበላትም፣ አትስጊ።»

ማኅሌት ከቤት ውጭ አድራ አታውቅም። የሚታመም ጉሮሮዋ። ዝናቡ። መንገዱ፤ አሁን በእውነት ጭቃ ነው። አባቷ በስልክ ትሂድ አለ። ማኅሌት ጫማዋን አድርጋ ጨርሳለች።

ጠረጴዛውን አራት ሰዎች ጫኑት። ልጄን ጋቢና አስገባኋት። «አደራ» አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ፊቴ ጋለ።

ሀያት በመስኮቱ ብቅ አለች። «አይዞሽ። እኔም ቅቤ ቀብቼ ነው የምመልስልሽ።»

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 18

ወለሉ ላይ አራት የእግር ምልክት አለ። ናኦድና እኔ መሐሉ ተቀምጠን በላን። ጠረጴዛው ከማኅሌት ጋር ይመለሳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እሷ ብቻ አልኩት። ቅር አለው።

ቀኑን ሙሉ ኔትወርክ አልነበረም። ወደ ማታ አንድ መልእክት ገባ፣ ከሀያት፣ እንደ ሕክምና ካርድ አጭር።

«ክቡ ለቅቋል። ፊደሉ አልለቀቀም። ልጅቷ በልታ ተኝታለች።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በአራተኛው የመጨረሻዋን ብቻ።