ስለተዋጠችው ዜሮ ለፕሮጀክቱ ዋና ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የፕሮጀክቱ ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ በተለይም «አይሆንም» የሚለውን ቁልፍ የሚጫኑባትን ጣትዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ፤ በዚህ ፕሮጀክት ውስጥ ያለ እረፍት ስትሠራ ያየኋት እሷን ብቻ ነውና።

ሰሞኑን በድረ ገጽዎ ላይ ያወጡትን እንጉርጉሮ አነበብኩ። «ኮዳችን ለሁሉም ክፍት ነው፣ በራችንም ክፍት ነው፤ ታዲያ የሚያግዘን ሰው የት ገባ?» ብለው ጠይቀዋል። የት እንደገባ ስለማውቅ ዝም ማለቱ ነውር መሰለኝና ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ያህል፣ ክቡርነትዎ የሚመሩት ፕሮግራም ማየት ለማይችሉ ሰዎች ኮምፒውተር ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ነው። ማንም ሰው ኮዱን አይቶ፣ ስህተት ካገኘ አርሞ መላክ ይችላል፤ እርማቱ ወደ ዋናው ፕሮግራም የሚገባው ግን እርስዎ ሲፈቅዱ ነው። ዓይነ ስውር እህቴ በአንድ ሆስፒታል የስልክ ኦፕሬተር ናት። የክፍሉን ስም ትጽፋለች፣ ፕሮግራምዎ የውስጥ ስልኩን ቁጥር ያነብላታል፣ እሷም ደዋዩን ታገናኛለች። በመጨረሻው ማሻሻያዎ ቁጥርን አንድ በአንድ መጥራቱን ትቶ «እንደ ሰው» እንዲያነብ አደረጉት፤ እሱም ከፊት ያለችውን ዜሮ መዋጥ ጀመረ። በዚያው ሰሞን ሆስፒታሉ የውስጥ ስልክ ቁጥሮቹን ሁሉ ቀይሮ ነበርና አዲሱ ማዋለጃ ክፍል 041 ሆነ። ዜሮ የሌለው 41 ደግሞ የሬሳ ክፍሉ ነው።

አንድ ወጣት ባል ሚስቱ ወልዳ እንደሆነ ሊጠይቅ ደወለ። እህቴ በዚያ በሚያምር ድምጿ «አንድ ጊዜ ይጠብቁ» ብላ አገናኘችው። የሬሳ ክፍሉ ጠባቂም ማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ «ሳጥኑን ይዛችሁ ኑ» አለው። ሰውዬው እየሮጠ መጥቶ በሩ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ ማዋለጃ ክፍል ሲያስገቡት ሚስቱ ልጁን እያጠባች ነበር።

ከዚያ ወዲያ እህቴ ለእያንዳንዱ ቁጥር አጠገቧ የተቀመጠችውን ገንዘብ ተቀባይ «እቴ፣ ከፊቱ ዜሮ አለው?» እያለች ትጠይቅ ጀመር። አለቃዋ «አንባቢ የሚቀጠርላት ኦፕሬተር ምን ታደርግልኛለች?» ብሎ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ እንድታጥፍ ላካት፤ ፕሮግራሙ ቶሎ ካልተስተካከለ ወንበሯን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥም ነገራት። የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ደግሞ ከእርስዎ እጅ ያልወጣ ቅጂ፣ አሮጌም ይሁን የታረመ፣ አልጭንም ብሎ ማለ። ለካ የእህቴና የልጇ እንጀራ በእርስዎ አንዲት ጣት ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል።

ኮድ መጻፍ የምትችለው ልጇ አራት መስመር ጽፋ ዜሮዋን ወደ ቦታዋ መለሰቻትና ላከችልዎ። ያገኘችውን መስተንግዶ ከዚህ በታች አቀርባለሁ። ተራ ቁጥሮቹ ፊት ዜሮ የጨመርኩት ፕሮግራምዎ የሚውጠው እንዳያጣ ብዬ ነው።

01. እርማቷን ሳይከፍቱ መለሱት፤ በርዕሱ መጨረሻ ላይ ነጥብ ነበረችበትና። መመሪያዎ ርዕስ በነጥብ አያልቅም ይላል። ሰው በሬሳ ክፍል በኩል አባት ሲሆን ያላዩት ዓይኖችዎ ያችን ነጥብ ለቅመው ማውጣታቸው ድንቅ ነው።

02. ነጥቧን አጠፋች። እርማት ከመላኩ በፊት ውይይት መከፈት አለበት አሏት። ውይይት ከፈተች። እርማት ከተላከ በኋላ ውይይት መክፈት ሥርዓት አይደለም ብለው ዘጉት። ይህን ለሰፈራችን ጠበቃ ባነብለት ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበልዎ፤ ስልክዎንም ጠይቆኛል።

03. የተላከን ኮድ በራሱ የሚፈትነው የፕሮጀክቱ መፈተሻ እርማቷን ጣለው። መፈተሻው የእርስዎን ጨምሮ የሁሉንም ሰው ኮድ ይጥላል፤ ከተበላሸ ቆይቷል። «መበላሸቱን እናውቃለን፤ ቢሆንም እሱን ማለፍ ግዴታ ነው» የሚለውን መልስዎን አትሜ ሬዲዮ የምጠግንበት ሱቅ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ተቆጥቶ የገባ ደንበኛ ሁሉ እሱን አንብቦ ሬዲዮውን ይረሳዋል። ልጅቷ መፈተሻውንም ጠግና ብትልክልዎ፣ በአንድ እርማት ሁለት ጉዳይ አይቀላቀልም ብለው ገሠጿት።

04. ዝም አሉ። በዚህ ቤት ሥርዓት፣ እንቅስቃሴ የሌለበትን እርማት በራሱ የሚዘጋ፣ ሮቦት የሚሉት ፕሮግራም አለ። ኃላፊው መልስ ሳይሰጡ ይቀራሉ፣ ሮቦቱም መጥቶ ዝም ብለሻል ብሎ ልጅቷን ይከሳታል። እኔ አጎትዬው ገባሁና «አለን፣ እየተነፈስን ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሮቦቱ አፍሮ ሄደ። ሲመለስም «ዛሬም አልሞትንም፤ 41 ገና አልደረስንም» አልኩት። ድምፅዎን የሰማነው ያኔ ነው። እኔን ጨዋነት ይጎድለዋል ብለው አገዱኝ፤ እርማቱንም አብረው ዘጉት። ለልጅቷም «ክፍት ማለት ለማንም ማለት አይደለም» የሚል አባታዊ ምክር ጨመሩላት። ይህን መመሪያዎ መጀመሪያ ላይ ቢጽፉት ኖሮ የቀረውን ማንበብ ባላስፈለገ።

እህቴ በዚህ ሁሉ መሀል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበረች። አንሶላ እያጠፈች ለራሷ ታንሾካሹካለች፤ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች «ምን ትያለሽ?» ሲሏት «ስመለስ እንዳልረሳቸው ቁጥሮቹን እያጠናሁ ነው» ትላቸዋለች። ይህን የሰማሁ ዕለት መቀለድ አቃተኝ። እኔን ዝም ማሰኘት የቻለ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ እናቴ ብቻ ነበረች፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

እንግዲህ ሰው የት ገባ ላሉት መልሱ ይኸው። ኮዱ ክፍት ነውና ልጅቷ ቅጂውን ወስዳ የራሷን ፕሮጀክት ጀመረች። መመሪያዋ «የተበላሸውን ንገሩን፤ ካረማችሁት ላኩልን፤ አብረን እናየዋለን» ይላል፣ ሌላ የለውም። ከእርስዎ በር የተመለሱት ሁሉ፣ ነጥባቸውን እንደያዙ፣ እዚያ ተሰብስበዋል። የዓይነ ስውራን ማኅበርም የእርስዎን ትቶ የእሷን ለአባላቱ ማደል ጀመረ። የሆስፒታሉ ባለሙያ ይህን ሲሰማ «አሁንማ ዋናው ይሄ ሆነ» ብሎ ጫነው። እህቴ ወንበሯ ላይ ተመልሳለች። ገንዘብ ተቀባይዋ ብቻ ወሬ ቀረብኝ ብላ ታማርራለች።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ መግቢያ ለጠፋለት ቤትዎ ጸጥታን፣ ሮቦትዎም የሚዘጋው እንዳያጣ እየተመኘሁ፣

የኦፕሬተሯ ወንድም፣ የአራሚዋ አጎት፣ በእርስዎ መልካም ፈቃድ የታገድኩት ሬዲዮ ጠጋኝ

ከፊርማ በኋላ፦ ባለፈው ሳምንት እርስዎ ወደ ልጅቷ ፕሮጀክት የላኩት እርማት ደርሶናል። ርዕሱ በነጥብ ያልቃል። እኔ የእርስዎን መመሪያ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ እሷ ግን የእናቷ ልጅ ናትና በዚያው ቀን ተቀበለችው። ከስምዎ ጎን «ጀማሪ» የሚል ምልክት ቢያዩ አይቀየሙ፤ የመጀመሪያ እርማቱን ለሚልክ ሰው ሁሉ በራሱ የሚለጠፍ ነው። ከሥሩ ያለውን «አይዞህ፣ እየለመድክ ትሄዳለህ» የሚለውን ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የቀድሞው ፕሮጀክትዎ እንዴት እንደሆነ መጠየቅ የሚፈልግ ሰው ካለም ወደ ሆስፒታሉ ይደውል፤ እህቴ የት እንደምታገናኘው ታውቃለች። 41 ነው፤ ከፊቱ ዜሮ የለውም።