የኦቦ ተሬፋ ድርሻ

ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ ሌታ፣

አከም ጅርታ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ የድሬዳዋውስ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ አረጋሽ ወገቧ ተሻላት? ልጃችሁ ሞሲሳስ ቆሞ መሄድ ጀመረ ወይስ ገና ይድሃል? እኛ አለን፤ ክረምቱንም አልፈነዋል። ይህን ደብዳቤ ነጋዴው ደሊል በእጁ ያደርስልሃል፤ በፖስታ የሚላክ ነገር አይደለም። አንብበህ አቃጥለው።

አባባ ተፈተዋል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በመሆናቸው ታስረው የከረሙት አባታችን ጥርሳቸው ረግፎ፣ ትከሻቸው ጎብጦ ገቡ። እማማ ይህን ሳያዩ ማረፋቸውን እንደ ምሕረት ቆጠርሁት።

ምእመናኑ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ ሊሏቸው ፈለጉ። ቀበሌው ግን ተሰብስበው ጸለዩ እንዳይለን፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ገብተው፣ ቆመው ቀምሰው እንዲወጡ ተስማማን። ለዚህ ደግሞ የወጥ ማዕድ አይመችም። ሆቴል ወጥ ቤት ሳለሁ ለግብዣ መክፈቻ የምናቀርበው ትዝ አለኝ፤ ብዙ ድካም የለውም። ቀይ ሥጋ አድቅቄ ከትፌ በቅቤና በሚጥሚጣ ለብ ለብ አደረግሁት። አይቡን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሬ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ሰቀልሁትና በኮሰረት አሸሁት። የሥጋው ቅቤ ሲረጋ እንደ አውራ ጣት ጫፍ እያድበለበልሁ አይቡን አለበስሁት፤ ከላይ ክብ የቃሪያ ቁራጭ፣ ከሥር ቲማቲም አድርጌ በስቴኪኒ ሰካሁት። ትሪው ላይ ሲደረደር አበባ ይመስላል፤ የመጣው ሁሉ ለማንሳት እየሳሳ አደነቀው።

አባባ አንዱን ቀመሱና ሌላውን በመሐረባቸው ቋጠሩት። ለማን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «የተሬፋ ድርሻ ነው። እዚያ ያገኘነውን ሁሉ እኩል ነበር የምንካፈለው» አሉኝ። ኦቦ ተሬፋ የእንጭኒ አስተማሪ ነው፤ ከአባባ ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ ይተኛ ነበር። እሱ አልተፈታም።

በማግስቱ ለእሱ አዲስ ሠርቼ ወደ እስር ቤቱ ሄድሁ። ዘበኛው ስሙን ተቀብሎኝ ገባ። ቆይቶ ሲመለስ ዓይኔን ማየት አልፈለገም። «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አለኝ። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

ቤት ስደርስ ልዋሽ አፌን ከፈትሁ፤ አልሆነልኝም። አባባ አላለቀሱም። ሚስቱ መርዶውን ከመንገድ ወሬ መስማት የለባትም፣ ድርሻውንም ለእሷ እናደርሳለን አሉ። ለለቅሶ ቤት እንዲህ ያጌጠ ነገር አይወሰድም ብዬ ለመንኋቸው፤ አልሰሙኝም። እንደገና ስሠራው ቃሪያውን ራሳቸው ሰኩት።

እንጭኒ ስንደርስ ሚስቱ አዴ ሲንቄ ደጇን ትጠርግ ነበር። በጥየቃ ቀን ስለተያዩ አባባን ከሩቅ ለየቻቸው። መጥረጊያዋን ጥላ ሮጠች። ከእጄ ሣህኑን ተቀብላ ጨርቁን ስትገልጠው ቀዩን፣ ነጩን፣ አረንጓዴውን አየች። የምሥራች መሰላት። እልል አለች። ጎረቤቶቿ ከየቤታቸው እየወጡ እልልታውን ተቀበሏት፤ ልጆቿ አባታቸው ከኋላችን እየመጣ መስሏቸው እኛን አልፈው ወደ መንገዱ ሮጡ። አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ጋሼ፣ እልልታው እስኪበርድ ጠብቀው መርዶውን ራሳቸው ነገሯት።

ከዚያ ቀን ወዲህ እህል እምብዛም አይቀምሱም። ስምህን ግን ደጋግመው ይጠራሉ። ፈቃድ ካገኘህ ና።

አረጋሽን ወገብሽን ጠብቂ በልልኝ። ሞሲሳን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። አማትህንም እጅ ነስታለች በላቸው። ታናሻችን ኡርጌ ትስምሃለች፤ አባባ ደግሞ «ነጋ፣ ሰላም ይሁንልህ» ብለዋል።

እህትህ ደራርቱ ሆርዶፋ
አምቦ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.