ጆኒ ከተራራችን ያመጣው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዝናብ። ኤግሊንተን ላይ ዛሬም መንገድ ተዘግቶ አውቶቡሱ በጓሮ ዞረ። ዌስተን መጋዘን ስደርስ ረፍዷል... አለቃችን ሰዓቱን አየ እንጂ አልተናገረኝም።

እረፍት ሰዓት ላይ ጆኒ ስልኩን ይዞ መጣ። አብሮኝ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት የሚነዳው ጆኒ። በየዓመቱ አንድ ተራራ ካልወጣ ዓመቱ የሚያልቅ አይመስለውም። ቶሮንቶ ተራራ የላት፣ ምን ያድርግ! ዘንድሮ ኢትዮጵያ ነው አለኝ። ያገኘውን የጉዞ ማስታወቂያ አነበበልኝ። "ሁለት ሐይቅ ቁልቁል የሚታይበት አናት፤ በአቅራቢያው የሚኖሩ የተራራ ጎሳዎች ጉብኝት።"

ስልኩን ነጠቅኩት። ተራራው የኛ ነው! ከአርባ ምንጭ በላይ፣ እናትና አባቴ ያሉበት።

"ጎሳው እኔ ነኝ" አልኩት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እስኪበቃኝ ሳቅኩበት። እኛ እዚያ ቆመን ቁልቁል የምናየው ዝናቡ ከየት በኩል እንደሚመጣ ለማወቅ ነው። ለማየት ብሎ ከካናዳ የሚሄድ ሰው አለ?

ከዚያ ግን አንድ ነገር ለመንኩት። እቤት ድረስ ሄዶ አባቴን በቪዲዮ እንዲያነሳልኝ። ከሐምሌ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ስደውል ወይ እርሻ ነው፣ ወይ ገበያ ነው፣ ወይ "ጆሮው ደክሟል፣ ስልክ አይሰማም።" ካየሁት ይበቃኛል።

ለቤተሰቡ አልናገርም። ፈረንጅ በራቸው ላይ ድንገት ሲቆም... ለሩሀማም አልነግራት። ባለቤቴ ምስጢር መቋጠር አታውቅም።

አርብ፣ ጥቅምት 21

ጆኒ በረረ። ለአባቴ ኮፍያ ሰጥቼዋለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

አላስቻለኝም፣ እራት ላይ ለሩሀማ ነገርኳት። ጆኒ አርባ ምንጭ ገብቷል፣ ነገ ወደ ላይ ይወጣል፣ አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ...

ጉርሻው እጇ ላይ ቀረ።

"ሳትነግረኝ? ሳትነግረኝ ሰው ትልካለህ?"

ስልኳን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ በሩን ቆለፈች። ደጋግማ ስትደውል ይሰማኛል። ተራራው ላይ ኔትወርክ እንደልብ አይገኝም። ምን ነክቷት ነው? ሳይዘጋጁ እንግዳ መጣባቸው ብላ ይሆን? እርግዝናው ይሆናል። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፣ ሰሞኑን በትንሹ ትደነግጣለች።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ፎቶ ላከ። አናቱ ላይ ቆሞ፣ ከዚያ መንደራችን፣ ከዚያ እናቴ።

ጥቁር ለብሳለች። ከስታለች።

ጆኒ የጻፈው፦ "እናትህ እጄን አልለቅም አሉ። አባትህን ግን አላገኘኋቸውም። ገበያ ወርደዋል ተባልኩ።"

አሁንም ገበያ? የሚሸጥ ከብት የለው፣ ምን አለው ገበያ? ለእህቴ ለሆሣዕና ደወልኩ።

"እማዬ ጥቁሩ ምንድነው?"

"ለጎረቤት ለቅሶ ነው።"

"ማን ሞተ?"

"አታውቀውም" አለችኝ።

እኛ ሰፈር የማላውቀው ጎረቤት?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

መጻፍ አልፈለግኩም። ቢሆንም ልጻፈው።

ጆኒ ተመልሶ ገባ። ምሳ ላይ ቪዲዮውን ከፈተልኝ። እናቴ ጆኒን ጆኒን እያየች በጋሞኛ፣ "ልጄ፣ ደህና ነን። አባትህም ደህና ነው፣ ገበያ ወርዷል" አለች። ከከተማ የመጣው አስጎብኚ ተረጎመለት። ከዚያ ጆኒ ስልኩን ወደ ቁልቁለቱ አዞረ። ሁለቱ ሐይቆች፣ ከበታች ደመና። ያምራል። እዚያ ተወልጄ እንደዚያ ማማሩን አላውቅም ነበር።

ድምፁ ግን ከኋላ አልተቋረጠም። አስጎብኚው ራቅ ብሏል መሰለኝ። ፈረንጅ ጋሞኛ አይሰማ... ስልክ ድምፅ እንደሚቀዳ ማን ያስታውስ?

እናቴ፣ "ጥዱ ሥር እንዳይወስዱት። ፎቶ ያነሳል። ልጁ መቃብሩን ያያል" ስትል ሰማኋት።

ሆሣዕና፣ "እስከ መቼ ነው የምንዋሸው? ሐምሌ የተቀበረ ሰው፣ ኅዳር ሊገባ ነው!"

እናቴ፣ "ሩሀማም ቆዩ ብላለች። ትውለድና። ዘመድ የሌለበት አገር... ማን ይይዘዋል?"

እኔ ሐይቁን እያየሁ ነበር። አባቴ ሞቷል። ሚስቴ ታውቃለች። ስልኩ ላይ ሐይቁ ያበራል።

ጆኒ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። "ምን እያሉ ነው?"

"እየመረቁህ ነው" አልኩት።

ውሸቱን ከየት አመጣሁት? ምን ያህል ቀለለኝ! ሆዴን አሞኛል ብዬ ከሥራ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሁሉም ያውቁ ነበር?

ነሐሴ ላይ ጋሽ ወልደገብርኤል፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ እጄን ይዘው አልለቅ ያሉኝ ለካ... ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ሱቅ ውስጥ አብረውን የሚዘምሩት እትዬ ጠጂቱ አይተውኝ እንባቸው የመጣው... "ጉንፋን ነው ልጄ" ብለውኝ ዝንጅብል ገዛሁላቸው! ለራሴ ሐዘን ዝንጅብል ገዛሁ! በየሳምንቱ አብሬያቸው ስዘምር፣ ስስቅ... ሲያዩኝ ምን ይሉ ነበር?

እናቴ ጋ ደወልኩ።

"አባዬስ?"

"ገበያ ወረደ።"

ድምጿ ንቅንቅ አላለም። ስንቴ ተለማምዳው ይሆን?

"ሰላም በይልኝ" አልኳት። ከዘጋሁ በኋላ መኪና ውስጥ ሆኜ ጮህኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሩሀማ ሰሃን ስታጥብ፣ "አባዬ በምን ሞተ?" አልኳት።

አልዞረችም። ውሃው ይፈሳል።

"ማን ነገረህ?"

"ጆኒ።"

"ጆኒ ምን ያውቃል?"

"ምንም አያውቅም።"

ሳንባውን ነው አለችኝ። መርዶውን ሊነግሩኝ ሦስቴ ቀን ተቆርጦ ሦስቴ ፈርሷል። አንዴ እኔ ሺፍት ቀይሬ፣ አንዴ ጋሽ ወልደገብርኤል ወገባቸውን ታመው፣ አንዴ "ልጁ ደስ ብሎታል፣ ዛሬስ ይቅር" ተብሎ። ምስጢር አትቋጥርም ያልኳት ሴት! አንድ አልጋ ላይ እየተኛን! ጮህኩባት። እሷም ጮኸችብኝ። "ብቻዬን ተሸክሜው! ማታ ማታ አንተ ስታንኮራፋ እኔ አለቅሳለሁ!" እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ብቻዬን ማስነሳት ከብዶኝ እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ። ጋሽ ወልደገብርኤል ከፊት፣ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ከኋላ። ሩሀማ ኑ ብላቸዋለች፤ እንደማውቅ ግን አልነገረቻቸውም።

"ልጄ ሰላሙ" ብለው ጀመሩ፣ "አብርሃምም አለፈ፣ ይስሐቅም አለፈ..." ከነሐሴ ጀምሮ ያጠኑት ነው፣ ያስታውቃል። ላቋርጣቸው? ነውር መሰለኝ። ዮሴፍ ጋ ሲደርሱ ራሳቸው ቀድመው አለቀሱ፣ ቀጣዩ ጠፋባቸው። ያኔ እኔም ፈነዳሁ። አራት ቀን አውቄው የከረምኩትን እንደ አዲስ አለቀስኩት። አራት ሰው ያዘኝ፣ አልቻሉኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ሥራ ገባሁ። ጆኒ "ቤተሰብ ላይ ሐዘን ደርሶበት ነው" መባሉን ብቻ ሰምቷል። ሊያጽናናኝ ስጦታ ይዞ መጣ። ትልቅ ፎቶ፣ በፍሬም።

እሱ ራሱ ነው። እናቴ ቤት በደረሰ በነጋታው ንጋት ላይ ብቻውን ወጥቶ ራሱን ያነሳው። ከጀርባው ሁለቱ ሐይቆች፣ ከጎኑ ጥዱ። ሣር ማብቀል የጀመረ የአፈር ክምር ላይ ተቀምጦ ጥርሱ ሁሉ ይታያል።

"ከእናትህ ቤት ከፍ ብሎ ነው። ከተራራው ሁሉ ምርጡ መቀመጫ!"

ጥዱን አወቅኩት። ለሱስ ማን ሽማግሌ ይላክለት? አብርሃምም አለፈ ብዬ ልጀምር? "ያምራል" ብዬ ልለፈው? ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር...

"ጆኒ፣ የተቀመጥክበት የአባቴ መቃብር ነው።"

ደሙ ከፊቱ ሸሸ። ካርቶን ላይ ሊቀመጥ ብሎ ደንግጦ ተነሳ። ቪዲዮው ላይ የሰማሁትንም ነገርኩት። "መረቁህ ብለኸኝ ነበርኮ" አለኝ። ዋሽቼህ ነው አልኩት። ያ ግዙፍ ሰውዬ ሰው ፊት አለቀሰ። "እኔ ነኝ ያመጣሁብህ፣ ይቅርታ" ይለኛል።

"አንተ ባታመጣው አባቴ ዛሬም ገበያ ነበር" አልኩት።

ፎቶውን ሳሎን ሰቀልኩት። የመቃብሩ ሌላ ፎቶ የለኝም። ለቅሶ የሚደርሰው ሁሉ ሲገባ የሚስቅ ፈረንጅ ያያል፣ ግራ ይገባዋል። እትዬ ጠጂቱ "ማነው ይሄ?" ብለው ሩሀማን በዓይናቸው ጠየቋት። እንግዶቹ ሲሄዱ ሩሀማ ፎቶውን አወረደችው፣ መቀስ አመጣች። ጆኒን ቆርጠን እናውጣውና ተራራው ይቅር፣ አለችኝ።

እምቢ አልኩ። ጆኒ ከወጣ የተቀመጠበት አፈርም አብሮት ይወጣል።