ለብቻሽ ሲጠሩሽ

አዳማ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ውድ ኮከብ፣

እሑድ በስልክ «እትዬ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» ስትዪኝ ዝም ያልሁት ቶሌራ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ስለነበር ነው። ጆሮዬ ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ነው የማወራው፤ ሁሉንም ሰምቷል። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ብድግ እላለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። የጀመርሁትን ወረቀት ቀድጄ ይህን ይዣለሁ። ነገ ወደ ናይሮቢ የሚመጣው የመሥሪያ ቤትሽ ሰው ያደርስልሻል።

ነገሩ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ልድገመው። ሰባት ጎረቤት አገሮች አንድ ቡድን ሆናችሁ፣ ከባሕር ማዶው የአገሮች ኅብረት ጋር ስለ ንግድ ትነጋገራላችሁ። አንድ አገር ብቻውን ሲናገር የማይሰማው፣ ቀጠና ከቀጠና ጋር ሲነጋገር ይሰማል፤ የሥራችሁ መሠረት ይህ ነው። አሁን ግን እነዚያ ሰዎች ኢትዮጵያን ወክለሽ የተቀመጥሽውን አንቺን ወደ ጎን ጠርተው፣ ኢትዮጵያ ተነጥላ ብትፈርም የቆዳችንን ቀረጥ ወዲያው እንደሚያነሡ ነግረውሻል። ስድስቱ አያውቁም።

ቶሌራን ታውቂዋለሽ፤ ሞጆ ቆዳ ፋብሪካ የሚሠራው የማዶው ጎረቤቴ። ፋብሪካው ገዢ አጥቶ ግማሹን ሠራተኛ አሰናብቷል፤ እሱም ተራውን እየጠበቀ ነው። ስልኩን እንደዘጋሁ፣

«ኮከብ የኛ ልጅ አይደለችም እንዴ፣ እትዬ?» አለኝ እየሳቀ።

«ናት።»

«ታዲያ ምን ታስባለች? ትፈርማ! ስድስቱን አገሮች እኔ ራሴ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ልብሴ ላይ ያለውን የቆዳ ሽታ ከቻሉት!»

«ቶሌራ፣ ይህ የቀልድ ነገር አይደለም።»

«እኔስ መቼ ቀለድሁ?» ሳቁ ጠፋ። «ይጻፉላት፣ እትዬ። እርስዎን ትሰማለች።»

«እጽፋለሁ» አልሁት። ምን ብዬ እንደምጽፍ ግን አልነገርሁትም።

አባትሽ እናትሽን ሲያጭ ሁሩታ የላክናቸው ሽማግሌዎች ሦስት ነበሩ። የእናትሽ አባት ከመካከላቸው አቶ ንዋይን ወደ ጓሮ ጠርተው፣ «የራስህን ልጅ ብታመጣ ልጅቱን ዛሬውኑ እሰጥሃለሁ» አሏቸው። አቶ ንዋይ ለትዳር የደረሰ ወንድ ልጅ ነበራቸው። ተመልሰው ቦታቸው ላይ ተቀመጡና የተባሉትን በሁሉም ፊት ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ ማንም ለብቻው አልተጠራም። የአቶ ንዋይ ልጅ ግን ሳያገባ ብዙ ዘመን ቆየ፤ ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም።

ስለዚህ አትፈርሚ። ይህ እንደደረሰሽ ስድስቱን ሰብስቢና የተባልሽውን ንገሪያቸው። ዛሬ እኛን ለብቻ የጠራ፣ ከርሞ ሌላውን ይጠራል፤ ያን ጊዜ ስለ ቆዳችን አብሮን የሚናገር ጎረቤት አይኖረንም። ከዚያ የቆዳው ጉዳይ በቡድኑ ስም፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲነሣ ጠይቂ። እሺ ይሉሽ እንደሆነ አላውቅም። ቶሌራ እስከዚያ ሥራው ላይ ይቆይ እንደሆነም አላውቅም፤ ዕረፍት የነሣኝ ይኸው ነው።

ይህን ከሬዲዮ እንዲሰማው ግን አልፈቅድም። አሁን ከሥራ ተመልሶ ደጁ ላይ የጫማውን አቧራ ሲያራግፍ ይታየኛል። ደብዳቤውን ሳላሽግ ይዤ እሻገራለሁ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብለታለሁ። በሩን ቢዘጋብኝም ደጁ ላይ ቆሜ አነበዋለሁ።

ይህ ወረቀት እጅሽ ከገባ፣ ቶሌራ ሰምቶታል ማለት ነው።

አክስትሽ ዘመናይ