ሃያ ስድስት ዓመት ሣር የለኩት የእትዬ ካሬ የሕይወት ታሪክ

የሥራ ባልደረቦቻቸውም ሆኑ ጎረቤቶቻቸው «እትዬ ካሬ» እያሉ የሚጠሯቸው እናታችን፣ ከአጥር ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ኅዳር 9 ቀን 1946 ዓ.ም. በሜዳው ዳር በነበረው ቆርቆሮ ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ዝናቡ ከጣለ በኋላ ሣሩ መስኮቱ ድረስ ያድግ ስለነበር፣ አባታቸው በየሳምንቱ ካላጨዱት ቤቱ ይጨልም ነበር። ይህን ለልጅ ልጆቻቸው ስንነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። ተረት አይደለም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማው ትምህርት ቤት አጠናቀው በ1965 ዓ.ም. ግብርና ማሠልጠኛ ገቡ። ከአርባ ሁለቱ ተመራቂዎች ሴቶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. በግጦሽ መሬት ጥናት ጽሕፈት ቤት የመስክ ለኪ ሆነው ተቀጠሩ። ጎኖቹ አንድ አንድ ሜትር የሆኑ የእንጨት ማዕቀፍ በትከሻቸው አንግተው ሜዳውን ስለሚያካልሉ «ካሬ» የሚለው ስም ወጣላቸው። ማዕቀፉን በአርባ የተመረጡ ቦታዎች እያሳረፉ፣ ተንበርክከው የሣሩን ዓይነት ይቆጥራሉ፣ ቁመቱን ይለካሉ፣ ምን ያህሉ መሬት እርቃኑን እንደቀረ ይጽፋሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሃያ ሦስት ዓይነት ሣር መዘገቡ። እርቃኑን ያገኙት መሬት ከመቶ ሰባት እጅ ብቻ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ከመሥሪያ ቤቱ የውሃ ቦቴ ሾፌር ከአባታችን ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። አባታችን «መጀመሪያ ሳያት ተንበርክካ ነበር፤ ለእኔ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለካ ለሣሩ ኖሯል» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በ1984 ዓ.ም. ሜዳውን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው «ባዶ መሬት ነው» ብለው ወሰኑ። ሃያ ሦስት ዓይነት ሣር የበቀለበትን መሬት ባዶ አሉት። ግማሹ ለአንድ የእርሻ ድርጅት ተሰጥቶ በትራክተር ተገለበጠ፤ ከዚያ የተባረረው ከብት ሁሉ በቀረው ግማሽ ላይ ተጨናነቀ። ሣሩ ዘር ሳይጥል ይጋጥ ጀመር። የተጋጠው ሣር ሥሩ አጠረ፣ ሥር ያልያዘው አፈር በነፋስ ተወሰደ፣ የቀረው በሰኮና ተጠቅጥቆ እንደ ሸክላ ደረቀ። ዝናብ ሲጥል ውሃው መስረጉ ቀረና በላዩ ላይ እየተንሸራተተ መሄድ ጀመረ። መሬት ላይ እንቁላል የሚጥሉት ወፎች ጠፉ፤ በምትካቸው ከብት የማይቀምሰው እሾሃም ቁጥቋጦ ገባ። በ1989 ዓ.ም. ከሜዳው በታች የነበረው ምንጭ ደረቀ። ድርጅቱ በዚያው ዓመት አፈሩ ሲደክምበት ትራክተሮቹን ጭኖ ሄደ። ለምን ሄድክ ያለው የለም። ጥፋቱ ሁሉ በከብት አርቢዎቹ ሲላከክ እናታችን በየስብሰባው እየተነሡ «መሄጃውን ማን ዘጋባቸው?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

በ1991 ዓ.ም. እርቃኑን የቀረው መሬት ከመቶ ስልሳ አራት እጅ መድረሱን ለክተው አስረከቡ። ታትሞ የወጣው ሪፖርት ግን ሃያ አራት ይላል። ኃላፊው ዘንድ ገብተው ሲጠይቁ፣ ቁጥሩ ለበላይ አካል ከበድ ስለሚል እንዳለሰለሱት ነገሯቸው። እናታችንም፦

«ማለስለስ ካማራችሁ መሬቱን አለስልሱት፤ ቁጥሩን ለእኔ ተዉልኝ» አሏቸው።

በ1992 ዓ.ም. ነሐሴ 3 ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። በእናታችን መለኪያ አርባ አንድ ሚሊ ሜትር ነው። ቀድሞ የዚህ እጥፍ ዘንቦ እንኳ ከሜዳው በታች በነበረው ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ ከጉልበት አይበልጥም ነበር፤ ሣሩ ይይዘዋላ። በዚያን ዕለት ግን ጎርፉ ድልድዩን ከነቦቴው ወሰደው። አባታችን ምንጫቸው ለደረቀባቸው መንደሮች ውሃ ሲያመላልሱ ውሃ ወሰዳቸው።

በሞት ምዝገባ ቅጹ ላይ ምክንያቱ «የተፈጥሮ አደጋ» ተብሎ ተጽፎ ሲቀርብላቸው እናታችን አልፈርምም አሉ። ጸሐፊዋ በትሕትና «እናቴ፣ ቅጹ ሌላ ምርጫ የለውም» አለቻቸው።

«እንግዲያው ባዶውን ይቀመጥ» አሏት። «ተፈጥሮማ ድልድዩን ስንት ዘመን ጠብቃው ነበር።»

ቦታው ዛሬም ባዶ ነው፤ ቅጹ በእጃችን አለ።

በቀጣዩ ዓመት፣ መድከማቸውን የነገራቸው ሐኪም ሳይኖር፣ «እንዲያርፉ» ተብለው ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ለአሥራ ሦስት ዓመት የሌላውን ሰው ፋይል ሲያስተካክሉ፣ የሃያ ስድስት ዓመት የመስክ ደብተራቸውን በእጃቸው በሌላ ወረቀት እየገለበጡ ቅጂውን ቤት አደረሱት። በ2006 ዓ.ም. ጡረታ እንደወጡ ከከብት አርቢዎቹ ጋር ተማክረው፣ ድርጅቱ ጥሎት ከሄደው መሬት አምስት ሄክታር ከግጦሽ እንዲያርፍ አደረጉ። አጥር አልነበረውም፤ የሰዎቹ ቃል ብቻ ነበር። በአራተኛው ዓመት አሥራ አንድ ዓይነት ሣር ቆጠሩበት። መሥሪያ ቤቱ በሠላሳ ዓመት ያላደረገውን ቃላቸውን የጠበቁ ከብት አርቢዎችና አንዲት ጡረተኛ አደረጉት።

በ2012 ዓ.ም. ሳል ጀመራቸው። ሐኪሙ ሳንባቸውን በራጅ አይተው፣ በየትኛው የሲሚንቶ ፋብሪካ እንደሠሩ ጠየቋቸው። ፋብሪካ ደርሰው አያውቁም። መስኮታቸውን ከፍተው መኖር ብቻ ነው ያጠፉት፤ አቧራው የመጣው ከዚያው ከሜዳው ነው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

መሥሪያ ቤታቸው «ለታታሪዋ ባልደረባችን» የሚል የአበባ ጉንጉን ልኳል። ቤተሰቡ ተመካክሮ ከበሩ ውጭ እንዲቆይ ወስኗል። ቁጥሩን ያለሰለሱት ኃላፊም በመካከላችን ቆመው አይተናቸዋል። ለቀብር የመጣን ሰው አንመልስም። ይህ ሲነበብ ግን ስልሳ አራት መሆኑን በጆሯቸው ይስሙልን።

እናታችን የሁለት ልጆች እናትና የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። አንዲት ታላቅ እኅታቸውም በሕይወት አሉ፤ ዛሬ ከፊት ተቀምጠዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በለመለመ ቦታ ያሳርፍልን። ለእኛም መጽናናትን ለምትመኙልን ሁሉ ምስጋናችን ከልብ ነው፤ ከመጽናናቱ በፊት ግን ቁጣቸውን ያውርሰን።