ዘጠኝ ከአሥር

የካ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሃይሚ፣

ጂንካ እንዴት ይዞሻል? እኛ ጋ የእንጦጦ ብርድ ዘንድሮ ቀድሞ ወርዶ ጉልበቴ ላይ ተቀምጧል። ስልኬን እንደማታነሺ ስለማውቅ አልደወልኩም። ብታነሺም ይህን ነገር በአፌ የምናገርበት ወኔ የለኝም። አድራሻሽን የሰጠችኝ አክስትሽ አምለሰት ናት። እባክሽ አትቆጫት፤ ሦስት ቀን ደጇ ተመላልሼ ነው።

ጡረታ ብወጣም ማስተማሩን አልተውኩም። ምን ልሥራ? ቤቱ ጭር ብሏል። ጎረቤታችን አይናለም ትዝ ትልሻለች? በእንጦጦ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ከፍታለች። ለእግር ጉዞ የሚወጡ ፈረንጆች ጎራ ይሉባታል። «ጋሼ፣ ሻይ በስኳር ነው ያለ ስኳር ብዬ መጠየቅ አቅቶኝ በእጄ እያወራሁ ነው፤ እንግሊዝኛ ያስተምሩኝ» ብላ መጣች። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደብተሯን ይዛ ከች ትላለች።

ባለፈው ወር ዊዝ (with) ላይ ደረስን። ይቺን ቃል ታውቂያታለሽ፤ ትንሽ ናት ግን ሥራ ይበዛባታል። ከሰው ጋር ስንሄድ እሷ ናት፤ ሥጋ በቢላ ስንቆርጥ እሷ ናት፤ እንግዳ በደስታ ስንቀበል እሷው ናት፤ ቀይ በር ያለው ቤት ስንልም እሷን እንጠራለን። አይናለም ራሷን ይዛ «ኧረ ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ብቻዋን ትችለዋለች? የሚያግዛት የለም?» አለችኝ። ሳቅኩ። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነበር።

ምሳሌ ቢበዛላት ይገባታል ብዬ፣ የድሮ ደብተሮች ያሉበትን ካርቶን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ። ከላይ ያገኘሁት የአንቺን ሆነ። ስምንተኛ ክፍል፣ ኅዳር 2008፤ በጋዜጣ የለበድሽው ደብተር። የዊዝን የቤት ሥራ ገልጬ ሰጠኋትና መነጽሬን ፍለጋ ጓዳ ገባሁ።

አይናለም ስታነብ ጣቷን ከቃሉ ሥር አድርጋ ነው። አንዱን ትጠይቃለች፣ ሌላውን ትገምታለች፣ አንድም አትዘልም። ስመለስ ጣቷ አራተኛው መስመር ላይ ቆሟል።

«ጋሼ፣ የዚች ልጅ እናት ታማ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«የማን እናት?» አልኩ።

ደብተሩን አዞረችልኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሁሉም ተማሪ የሚጽፋቸው ዓይነት ናቸው፤ ከጓደኛሽ ጋር ትምህርት ቤት ሄደሻል፣ በእርሳስ ጽፈሻል፣ ሰማያዊ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ለብሰሻል። አራተኛው፦ «እናቴ ከሕመም ጋር ትኖራለች።» አምስተኛው፦ «ጠዋት ጠዋት ከአክስቴ ጋር የምትሄደው ጠበል ነው እንጂ ሾላ ገበያ አይደለም።» ስድስተኛው፦ «እናቴ ጡቷ ላይ ቁስል ያለባት ሴት ናት።» ሰባተኛው፦ «ቁስሏን በጥጥ ትሸፍነዋለች።» እዚህ ላይ ዊዝ ማለት ሲገባሽ ባይ (by) ብለሻል። በቀይ ሰርዤ አስተካክዬልሻለሁ። ጠርዙ ላይም «ተጠንቀቂ» ብያለሁ።

አሥረኛው፦ «አባቴ ይህን ሲያነብ ከእናቴ ጋር ሐኪም ቤት ይሄዳል።»

አጠገቡ ራይት አድርጌያለሁ። ከታች ዘጠኝ ከአሥር፣ «በርቺ!»፣ ፊርማዬ።

በማግስቱ አምለሰት ዘንድ ሄድኩ። እሷም ለአሥር ዓመት የያዘችውን አወጣችው። እናትሽ በለጡ ቢላ ፈርታ ነበር አለችኝ። አንዲት ጓደኛዋ ለኦፕራሲዮን ገብታ ሳትመለስ ከቀረች ወዲህ ሐኪም ቤት ሲባል ትንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ከሰማሁ ጎትቼ እንደምወስዳት ታውቃለች። ስለዚህ ቁስሉን ያየሽውን አንቺን «ለአባትሽ ትንፍሽ ብትዪ ሚካኤል ይፍረድብሽ» ብላ አስማለችሽ። አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር። በአፍሽ ትንፍሽ አላልሽም። እናትሽ የማታነበው ቋንቋ ነበረሽ፤ እኔ ሳላየው የማልቀረው ደብተር ነበረሽ። ኅዳር ላይ ጻፍሽ፣ ግንቦት ላይ ቀበርናት።

እኔ እኮ ጠዋት ሾላ ሄጄ መጣሁ ስትለኝ ዘንቢሏ ባዶ መሆኑን አይቼ፣ ኑሮው ተወዷል ማለት ነው እያልኩ አልፍ ነበር።

የቀብሯ ዕለት፣ የካ ሚካኤል ግቢ ውስጥ፣ «አውቀህ ነው ዝም ያልከው» አልሽኝ። ለሰው ሐዘን ነው የሚያናግራት አልኩ። ስትደግሚው በጥፊ መታሁሽ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አንድ ቤት ኖረን «ምሳ ቀርቧል» ከሚለው ሌላ ከአፍሽ ቃል አልወጣም። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ሻንጣሽን ልያዝልሽ ብል ነጠቅሽኝ። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጥሽም።

አሠራሬን ታውቂዋለሽ። ስልሳ ሁለት ተማሪ፣ አሥር አሥር ዓረፍተ ነገር። ቃሏን በማስመሪያ አስምሩባት እላችኋለሁ፣ ዓይኔም የተሰመረባትን ብቻ እየለቀመ ይወርዳል። ከኮተቤ እስከ ሾላ ታክሲ ውስጥ ሃያ ደብተር እጨርስ ነበር። መምህራን ክፍል ውስጥ ይህንን እንደ ጀብዱ ነበር የማወራው። አይናለም ይህን ስነግራት እንባዋን ጠርጋ «እንግዲያው አላነበቡትማ! ይጻፉላት ጋሼ፣ አላየሁም ይበሏት፤ ልጅ አይደለች፣ ትምርዎታለች» አለችኝ።

እንዳለችው ጻፍኩ። አላየሁም ብዬ አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። ሁለት ቀን ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሦስተኛው ቀን ቀደድኩት።

አራተኛውን፣ ስድስተኛውን፣ አሥረኛውን ሳላይ አልፌው ይሆናል። ሰባተኛውን ግን አርሜዋለሁ። ባይ ስህተት መሆኑን ለማወቅ ቁስል የሚለውን ማንበብ ነበረብኝ፣ ጥጥ የሚለውን ማንበብ ነበረብኝ። ልጄ፣ አንብቤዋለሁ። ትዝም ይለኛል። ታክሲው መገናኛ ላይ ቆሞ ነበር። እስክሪብቶዬን አንስቼ ይቺ ልጅ ይህን ከየት አመጣችው ብያለሁ። ቤት ስገባ እጠይቃታለሁ ብያለሁ። ቤት ስገባ እናትሽ እራት እያቀረበች ነበር፤ ሳህኑን በግራ እጇ ብቻ ነበር የያዘችው። ያንንም አየሁ። «ደከመሽ እንዴ?» አልኳት። «ምን ያደክመኛል» ብላ ሳቀችልኝ። እኔም ደስ አለኝና እራቴን በላሁ። ፈርቼ ነው ሃይሚ። ከጠየቅኩ መልስ ይኖራል ብዬ ፈርቼ ነው።

የቀብሯ ዕለት የመታሁሽ ስለዋሸሽ አልነበረም።

አምለሰት እንደነገረችኝ እስከ ዛሬ «መሐላዬን አፍርሼ በአፌ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ» እያልሽ ትተክኛለሽ። በሽተኛ በእጅሽ ላይ በሞተ ቁጥር ነርስነቱን ልተወው ትያለሽ አሉ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚህ ብቻ ነው። ነግረሽኛል። በግልጽ፣ በንጹሕ ጽሕፈት፣ በሰዓቱ ነግረሽኛል። አንቺ ላይ የቀረ ነገር የለም፤ የቀረው እኔ ላይ ነው።

ማሪኝ አልልሽም። ነይም አልልሽም። ደብተሩ ያንቺ ስለሆነ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ማርኩን ላስተካክል እስክሪብቶ አንስቼ ነበር፤ ተውኩት። እንደነበረ እዪው።

ሚካኤል ከመሐላሽ ይፍታሽ። እጅሽ የነካው በሽተኛ ይዳንልሽ። ልጅ ስትወልጂ፣ የሚነግርሽን እስከ መጨረሻው የምትሰሚበት ጆሮ ይስጥሽ፤ የእኔን ጆሮ ግን አትውረሺ።

አውቆ ዝም ያለው አባትሽ፣
ፍቅረማርያም ልደቱ